«ልዩ ልዩ ወጪ»፦ ከአይሁድ ማኅበረሰብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

የማመልከቻው የመጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት አጭር መስመር ነበረች። «ልዩ ልዩ ወጪ፣ 3,000 ዶላር» ትላለች። ጠቅላላ የተጠየቀው 12,000 ዶላር ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና መስመሯን በእርሳስ ከበቧት። «ይቺ ምንድን ናት?» አሉ። ስምንት ሰው ነበርን። ማንም አያውቅም። ማኅበሩ ያለው በደቡብ እስራኤል ነው፣ እኛ ያለነው አሜሪካ። ሊቀ መንበሯ ሰዓቷን አየት አደረገች። «እንግዲህ እሷን እንቀንሳት» አለች። 9,000 ተፈቀደ፣ ወደሚቀጥለው ማመልከቻ አለፍን።

በማግስቱ ወደ ማኅበሩ ደወልኩ። ስልኩን ያነሡት ሥራውን የሚመሩት እናት ናቸው። ጥያቄውን ስነግራቸው ሳቁ። «እሱማ የሚኒባሱ ነው ልጄ። ልጆቹ ጥናት ጨርሰው ሲወጡ መሽቷል። መንገዱ ጨለማ ነው፣ እናቶቻቸው ደግሞ የማታ ፈረቃ ናቸው። ማን ያድርሳቸው?»

«ታዲያ እንዲህ ብለው ለምን አልጻፉትም?»

«እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር መዘርዘር ነውር መስሎኝ!»

ይሉኝታ 3,000 ዶላር አስከፈላቸው።

እኔ በምኖርበት ከተማ ባለው የአይሁድ ፌዴሬሽን የድጋፍ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ብዙ ማመልከቻ አንብቤያለሁ። ከወገኖቻችን የሚመጡት ላይ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ይኸው ነው። ሥራው አለ፣ ልፋቱ አለ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ማመልከቻ የሚነበበው አመልካቹ በሌለበት ክፍል ነው። እዚያ ለእናንተ የሚከራከር ሰው ይኖራል፤ ያ ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰውን ካልሰጣችሁት ዝም ይላል። እኔም ዝም ብያለሁ። ስለዚህ ነገሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ፣ ይህ ፌዴሬሽን የሚባለው ምንድን ነው? በፖለቲካ የምናውቀው ፌዴሬሽን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች የአይሁድ ሆስፒታሉ፣ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያው፣ የስደተኛ መርጃው ሁሉም እየተነሡ የእነዚያኑ ነጋዴዎች በር ያንኳኩ ነበር። ሰጪዎቹ ሰለቻቸው። በ1895 ቦስተን ውስጥ «ገንዘቡ በአንድ ላይ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ለየድርጅቱ ይደልደል» ተባለ። የመጀመሪያው የአይሁድ በጎ አድራጎት ፌዴሬሽን እሱ ነው። ሌሎች ከተሞች ተከተሉ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ወደ 140 የሚጠጉ አሉ። የጋራ ጃንጥላ ድርጅት አላቸው፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ቅጽ አለው። የባልቲሞርን ቅጽ ቀድታችሁ ለክሊቭላንድ ብትልኩ አይሠራላችሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፌዴሬሽኑ ራሱም ለማኝ ነው። በየዓመቱ የገንዘብ ማሰባሰብ ዘመቻ ያካሂዳል፣ ስልክ ይደውላል፣ እራት ያዘጋጃል። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከኪሳቸው የሰጡ፣ ጎረቤታቸውንም ለምነው ያመጡ ናቸው። ነገ ያ ጎረቤት ምኩራብ ደጃፍ ላይ ሲያገኛቸው «ገንዘቤ የት ደረሰ?» ይላቸዋል። ለዚህ ነው «ልዩ ልዩ» የሚለው ቃል የማይዋጥላቸው። ክፋት አይደለም።

ስለ ቃሉም ላንሣ፣ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ። አይሁድ ለችግረኛ መስጠትን «ጽዳቃ» ይሉታል። የእኛው «ጽድቅ» ነው፣ ሥሩ አንድ። ትርጉሙ ወደ ፍትሕ ያዘነብላል፤ መስጠት ግዴታ ነው፣ ተቀባዩም ድርሻ አለው። «ምጽዋት» የሚለው ቃላችንም ቢሆን ከአይሁድ አራማይክ ወደ ግዕዝ የገባ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የኖረው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ፣ በአጭሩ ራምባም፣ ጽዳቃን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። ዝቅተኛው እያጉረመረሙ መስጠት ነው። ሰጪና ተቀባይ ሳይተዋወቁ መስጠት ሁለተኛውን ደረጃ ይይዛል። ከሁሉም በላይ ያደረገው ግን ሰውዬው ዳግመኛ እንዳይለምን ማድረግን ነው፦ ብድር ሰጥቶ፣ ሽርክና ገብቶ ወይም ሥራ አስገብቶ። ይህን የሃይማኖት ታሪክ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በኮሚቴው ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሣው «ገንዘባችን ሲያልቅስ?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። መልስ አዘጋጁለት።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው «ከአይሁድ ድርጅት እርዳታ ይገኛል አሉ» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይደባልቃል።

የቤት ኪራይ የጎደለበት፣ መብራት ሊቆረጥበት የደረሰ ሰው ፌዴሬሽን ሄዶ ማመልከቻ አይጽፍም። ጊዜውን ያባክናል። በአብዛኞቹ ትልልቅ የአሜሪካ ከተሞች የአይሁድ የቤተሰብ አገልግሎት የሚባል ድርጅት አለ። የግለሰብ ችግር የሚታየው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ሃይማኖት አይጠይቁም። ሂያስ ከሚባለው የስደተኞች ድርጅት ጋር የሚሠሩትም ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ስደተኞችን ተቀብለው ቤት ሲያስይዙ ኖረዋል፣ ከእነዚህ ውስጥ አይሁዳዊ ያልሆነው ብዙ ነው። ጥሬ ገንዘብ ግን በእጅ አይሰጥም። ክፍያው በቀጥታ ለአከራዩ ወይም ለመብራት ድርጅቱ ይሄዳል። የኪራይ ውላችሁን፣ ከአከራዩ የመጣውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህ ካሉ ነገሩ ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛው ብድር ነው፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ከእስራኤላዊ ወንድም ወለድ እንዳይወሰድ ኦሪት ዘጸአት 22 ላይ ስለታዘዘ ከወለድ ነፃ የሚያበድሩ ድርጅቶች አሏቸው። የኒው ዮርኩ የዕብራውያን ነፃ ብድር ማኅበር በ1892 በ95 ዶላር ተጀመረ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ስደተኛ ተበድሮ ጋሪ ይገዛል፣ ነግዶ ይመልሳል፣ ያው ገንዘብ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ዛሬ የማንኛውንም እምነት ተከታይ ኒው ዮርካዊ ያበድራል። የሳን ፍራንሲስኮው ግን ለአይሁዳውያን ነው፤ ስለዚህ የከተማችሁን ሕግ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥም ኢየሩሳሌም ላይ በ1990 የተቋቋመ ተመሳሳይ የብድር ማኅበር አለ። ከሶቪየት ኅብረትም ከኢትዮጵያም ሰው በሚጎርፍበት ሰሞን የተጀመረ ነው። እቁብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዋስ ግን የግድ ነው። አንድ ሁለት ቋሚ ገቢ ያላቸው ዋሶች ይጠይቃሉ፣ ዋሱም በእርግጥ ተጠያቂ ነው። «ስምህን ብቻ አውሰኝ» ብላችሁ ሰው አታስፈርሙ።

ሦስተኛው ለድርጅት የሚሰጥ ድጋፍ፣ ግራንት የምንለው ነው። የቀረው ወሬዬ ስለ እሱ ነው።

ግራንት የሚሰጠው ሕጋዊ ሰውነት ላለው ነው። አሜሪካ ውስጥ 501(ሲ)(3) የሚባለውን የግብር ነፃነት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ገና ከሌላችሁ ማረጋገጫው ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን በስሙ ተቀብሎ ሊያሠራችሁ ይችላል። ለአስተዳደር ከመቶ 5 እስከ 10 ይቆርጣል፣ ይህንንም በበጀታችሁ ላይ መጻፍ አለባችሁ። እስራኤል ውስጥ ከሆናችሁ ዓሙታ፣ ማለትም በሕግ የተመዘገበ ማኅበር መሆን ብቻ አይበቃም። «ኒሁል ታኪን»፣ ማለትም የመልካም አስተዳደር የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እሱ የሚገኘው ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉ አዳዲስ ዓሙታዎች ሰነዳቸውን ማስገባታቸውን የሚያረጋግጥ ሌላ ወረቀት ከመዝጋቢው ይወስዳሉ። የምስክር ወረቀቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ኮሚቴው ጋ ሳይደርስ ቢሮ ውስጥ ይቀራል።

ከዚያ ማን ለምን እንደሚሰጥ መሰለል ነው። አዎ፣ መሰለል። አሜሪካ ውስጥ ያለ በጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ፎርም 990 ያስገባል፣ ይህ ቅጽ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ስኬጁል አይ የሚባለውን ክፍል ክፈቱ። በአሜሪካ ውስጥ ከ5,000 ዶላር በላይ የተሰጣቸው ድርጅቶች በስም፣ በገንዘብ መጠን፣ በምክንያት ተዘርዝረዋል። ለውጭ አገር የተሰጠው ስኬጁል ኤፍ ላይ ነው። እዚህ አንድ ሰዓት ብትቀመጡ የሦስት ወር ልፋት ታተርፋላችሁ። ፌዴሬሽኑ እንደ እናንተ ላለ ማኅበር 8,000 ሲሰጥ ከኖረ 80,000 አትጠይቁ።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁን «ዘመድ» ፈልጉ። ወደ እስራኤል የሚገቡ አይሁዳውያንን በሚረዳው በአይሁድ ኤጀንሲ አማካይነት የአሜሪካ ፌዴሬሽኖች ከእስራኤል ከተሞች ጋር ተጣምረዋል። ቦስተን ከሃይፋ፣ ባልቲሞር ከአሽቀሎን፣ ክሊቭላንድ ከቤት ሽዓን፣ ፊላዴልፊያ ከነቲቮት። አሽቀሎን ያለ ማኅበር መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት የባልቲሞርን በር ነው። አሽቀሎንን በእግሩ የረገጠ የኮሚቴ አባል አለ፣ ሰፈራችሁን በስም ሊያውቀው ይችላል። ክፍሉ ውስጥ የሚናገርላችሁ ሰው ማለት ይህ ነው።

ይህ ዝምድና ለቤተ እስራኤል አዲስ አይደለም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ሲወጣ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለው 35 ሚሊዮን ዶላር በጥቂት ቀን የተሰበሰበው ከአሜሪካ አይሁድ ነው። ያን ጊዜ የሰጡ ሰዎች ዛሬም ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹ እንባ ሲያቀርሩ አይቻለሁ። ግን ልንገራችሁ፣ በ1991 ትዝታ ላይ ብቻ የቆመ ማመልከቻ ደካማ ነው። ልጆቹ እኮ አድገው ጠበቃና መኮንን ሆነዋል። ባዶ እግሩን ከአውሮፕላን የሚወርድ ሕፃን ፎቶ ሽፋኑ ላይ ለጥፋችሁ ስለ ሒሳብ ማጠናከሪያ ብትጽፉ አንባቢው ግራ ይጋባል። እኔ ደግሞ ይቆጨኛል። ችግራችሁን በቁጥር ንገሩ። ስንት ልጆች? ስንተኛ ክፍል? በሳምንት ስንት ሰዓት? ባለፈው ዓመት ስንቱ አለፉ?

አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ ደግሞ ከወዲሁ እወቁ። የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት የሚባል አለ፦ የእስራኤል መንግሥት፣ የአይሁድ ኤጀንሲ፣ ጆይንት የሚባለው የአሜሪካ አይሁድ የእርዳታ ድርጅት፣ የሰሜን አሜሪካ ፌዴሬሽኖችና የማኅበረሰባችን ተወካዮች በጋራ ያቋቋሙት። ለተማሪዎች ማጠናከሪያ ይሰጣል። «እናንተ ከእሱ በምን ትለያላችሁ?» ይሏችኋል። «እኛ እንበልጣለን» አትበሉ። «እነሱ በዚህ ትምህርት ቤት አይሠሩም» ወይም «የእኛ ልጆች የሚመጡት እነሱ ከጨረሱ በኋላ ማታ ነው» በሉ። በእርግጥ እውነት ከሆነ።

አሜሪካ ያለ፣ ከአይሁድ ማኅበረሰብ ጋር ግንኙነት የሌለው የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲስ? እውነቱን ልናገር፣ ከዋናው ገንዘብ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ሰዎቹ የሰጡት በቅድሚያ ለአይሁድ ጉዳይ ነው። ሆኖም የጎረቤት ማኅበረሰቦችን ለማቀራረብ የሚሰጡ አነስተኛ ድጋፎች አሉ፣ አንዳንድ ከተማ ደግሞ የራሳቸው ገንዘብ ያላቸው የሴቶች ፈንዶችና ወጣቶች ራሳቸው የሚወስኑባቸው ፈንዶች አሉ። በነዚህ በኩል ሞክሩ። አብሮ የሚሠራ የአይሁድ ድርጅት ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል። ታዲያ ዝርዝሩ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ለጋራ የወጣቶች ፕሮግራም የቀረበ ጥሩ ማመልከቻ ደርሶን ነበር። ቀኑ ላይ ስንደርስ «ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት» ይላል። ሰንበት! ምሳው ደግሞ «ከሰፈር ምግብ ቤት» ነው። ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን አይናገርም። ፕሮግራሙን ወደ እሑድ ማዞር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን ኮሚቴው «እነዚህ ሰዎች ከማን ጋር እንደሚሠሩ ያውቃሉ?» ብሎ መጠርጠር ጀምሯል።

ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉ። ይህን ምክር ማንም አይሰማኝም፣ ግን ትልቁ እሱ ነው። በየፌዴሬሽኑ ማመልከቻ የሚቀበል ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለ። ሥራው ከሰው ጋር ማውራት ነው። «እንዲህ ያለ ሐሳብ አለን፣ ዘንድሮ ከምትደግፉት ጋር ይሄዳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። «አይሄድም» ካላችሁ ሁለት ሳምንት አተረፋችሁ። «ይሄዳል፣ ግን እንዲህ አድርጉት» ካላችሁ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወዳጅ አፈራችሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትደውሉ፣ ሰው ለሰንበት እየተዘጋጀ ነው። ከእኛ እንቁጣጣሽ አካባቢ የሚጀምረው የእነሱ የአዲስ ዓመት፣ የዮም ኪፑርና የሱኮት ሰሞንም ቢሮው የተከፈተበትን ቀን መቁጠር ይቀላል። የብዙዎቹ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ስለሆነ ማመልከቻ የሚጠራው ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በሰኔ የሚያመለክት ሰው ገበያ ከተበተነ የደረሰ ነው።

«ፕሮፖዛል እጽፍላችኋለሁ፣ ከተገኘው ከመቶ 15 ትሰጡኛላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ ሸኙት። በሙያው የሥነ ምግባር ደንብ እንዲህ ያለ የመቶኛ ክፍያ የተከለከለ ነው። ሰጪውም «ለልጆች ያልኩት ገንዘብ ለደላላ ሄደ» ብሎ ይቆጣል። ለጻፈበት ሰዓት መክፈል ግን ምንም ነውር የለውም። ለማመልከቻ ማስገቢያ ክፍያ የሚጠይቅ «ድርጅት» ካጋጠማችሁ ደግሞ አጭበርባሪ ነው፤ ስልኩን ዝጉት።

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ለመምህር የተፈቀደውን ለኮምፒውተር ማዋል ካስፈለጋችሁ ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። ሳትጠይቁ ካደረጋችሁት ግን ደረሰኙ ቢኖርም ችግር ነው። ሪፖርት ስትጽፉም ያልተሳካውን አትደብቁ። «30 ልጅ ብለን ነበር፣ 24 መጡ። ስድስቱ የቀሩት ትምህርት ቤት ስለቀየሩ ነው» የሚል ሪፖርት የኮሚቴውን ሰው ያረጋጋዋል። ሁሉም ነገር መቶ በመቶ የተሳካበት ሪፖርት ሲያነቡ እነዚያ አዛውንት እርሳሳቸውን ያነሣሉ።

የሚኒባሷ እናት በዓመቱ እንደገና አመለከቱ። ያን ጊዜም ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። የመጨረሻውን ገጽ ስንገልጥ «ልዩ ልዩ» የለም። በቦታው እንዲህ ይላል፦ «ሚኒባስ። ልጆች ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ለመመለስ። በሳምንት 3 ቀን፣ 34 ሳምንት፣ 102 ጉዞ። በጉዞ 30 ዶላር። 3,060 ዶላር።» አዛውንቱ እርሳሳቸውን አነሡ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አባዙት። ከጎኑ ትንሽ የራይት ምልክት አደረጉና ገጹን ገለጡ።